ከጠረጴዛ ስር የምታልፍ ብር

(ደሴ ውስጥ ለማግባት ለተዘጋጁና አዲስ ለተጋቡ ወጣቶች ካደረግሁት ንግግር። ስጽፈው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ ሳሌንም አውጥቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁ፣ ጃኬት ሳትይዙ እንደመጣችሁ አያለሁ። የደሴ ብርድ እንግዳ አያከብርም። ጠጋ ጠጋ በሉ።

ማንነቴን ልንገራችሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ። 24 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። የዕድራችን ጸሐፊም ነኝ፤ በዚህ ሰበብ ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር ሽማግሌ ሆኜ እጠራለሁ። ባለሙያ አማካሪ ግን አይደለሁም። ስለ ባልና ሚስት ገቢ ተናገር የተባልኩት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ከእኔ የበለጠ እንደምታገኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷ ሰኞ ገበያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ። ሳቁ፣ ችግር የለውም። እኔም መሳቅ ከጀመርኩ ቆየሁ። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ዓመት አልሳቅኩም።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል። አጎቷ ከአዲስ አበባ መጡና ፒያሳ ምሳ ጋበዝናቸው። "ጋበዝናቸው" ሲባል ወንዱ ይከፍላል ማለት ነው። የወሩ 26ኛ ቀን ነበር። መምህር በ26 ኪሱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። እሷም ታውቃለች። ስለዚህ እንደልማዳችን፣ ሂሳቡ ሳይመጣ፣ ከጠረጴዛው ስር ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። እጄን ሰደድኩ። ሁለት መቶ ብር፣ እንደ ክታብ ተጠቅልሎ። ይህን ብዙ ጊዜ ሠርተነዋል፤ የሠለጠንን ነን። ያን ቀን ግን አመለጠኝ። ብሩ ወደቀ። አስተናጋጁ ልጅ ጎንበስ ብሎ አነሳው። እኔን አላየኝም። ቀጥ ብሎ ለእሷ ዘረጋና "እትዬ፣ ብርዎ ወደቀ" አላት።

አጎትየው ትሪውን ማየት ጀመሩ። እኔ ብርጭቆዬን አንስቼ ውሃ ጠጣሁ። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

ማታ ቤት ስንገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቆጣሁ። በአስተናጋጁ። በአጎትየው። በጠረጴዛው ጥበት። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝና "ለመሆኑ ያሳፈረህ ብሩ የእኔ መሆኑ ነው፣ መታየቱ?" አለችኝ።

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ የመጣሁትም እሱን ይዤ ነው። መታየቱ ነበር። የእሷን ብርማ በየወሩ እበላው ነበር።

ሽምግልና ከተቀመጥኩባቸው ቤቶች "ሚስቴ ከእኔ የበለጠ ታገኛለችና ልፍታት" ያለ ወንድ አንድም አልገጠመኝም። "ደበቀችኝ" ያለ ግን ስፍር ቁጥር የለውም። "ደበቀኝ" ያለችም እንዲሁ። ደሞዙ ሲጨመርለት ሳይነግራት ሁለት ዓመት የቆየ አለ። ዕቁብ ወጥቶላት እንዳልወጣላት የሆነች አለች። ሁለቱ ተገናኝተው ቢጋቡ ጥሩ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ የሐበሾች ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ነገር ሠሩ። ባልና ሚስት ለጠያቂ "ይህን ያህል አገኛለሁ" ያሉትን፣ ለግብር ከተመዘገበው ገቢያቸው ጋር አስተያዩት። ሚስት ከባል በምትበልጥበት ቤት ምን አገኙ? የባልየው ገቢ ሲነገር ወደ 3 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። የሚስትየዋ ደግሞ 1.5 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። እሱ ይጨምራል፣ እሷ ትቀንሳለች፣ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ይህ እንግዲህ ዶላር ያለበት፣ ሚስት መሥራቷ ማንንም የማያስደንቅበት አገር ነው። ዛሬ እዚያ ከመቶ ትዳር በ16ቱ ዋናዋ እንጀራ አቅራቢ ሚስት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1972 5 ነበር። ቁጥሩ ሦስት እጥፍ አደገ፣ እፍረቱ ግን እዚያው ነው። እኔ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ለካ የእኔ ጠረጴዛ ረጅም ኖሯል፣ ጫፉ አሜሪካ ይደርሳል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። አባቶቻችን ይህን ነገር ይደብቁት ነበር ወይ?

አይመስለኝም። በሰማንያ ሲጋቡ ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት ይቆጠር ነበር። የልጁ ወገን ይህን ያህል በሬ፣ የልጅቷ ወገን ይህን ያህል ላም። ደጃፍ ላይ፣ ጮክ ተብሎ። ሲፋቱም የተቆጠረው ይታወቃልና ይካፈላሉ። በእስልምናም ኒካህ ሲታሰር መህሩ፣ ለሙሽራዋ የሚሰጠው፣ ስንት እንደሆነ ይነገራል፣ ምስክር ይሰማል። ሌላም ነበር፦ በደሞዝ መጋባት የሚባል። ወንዱ ለሴቲቱ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ ለጊዜው የሚዋዋልበት። ደሞዝ የሚለውን ቃል ሰዎች "ደምና ወዝ" ብለው ይፈቱታል። እንግዲህ ይህ ቃል ቢሮ ከመግባቱ በፊት ቤት ውስጥ ነበር ማለት ነው። በደሞዝ መጋባት ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ ለሴቲቱ ብዙ መብት የሚሰጥ አልነበረም። የምለው፣ ብር በትዳር መሀል በግልጽ ይጠራ ነበር። ዛሬ ሠርግ ላይ ሦስት ካሜራ አቁመን የቬሎውን ጫፍ ሳይቀር እንቀርጻለን። የሁለቱ ደሞዝ ስንት እንደሆነ ግን ከተጋቢዎቹ አንዱ አያውቅም።

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። ስለ መቀነት ልንገራችሁ።

እናቴ ብር የምታስቀምጠው መቀነቷ ውስጥ ነበር። ቅቤ ሸጣ፣ እንቁላል ሸጣ፣ ጥጥ ፈትላ። ጫፉን ትፈታለች፣ ቋጠሮ ውስጥ ሌላ ቋጠሮ አለ፣ በሁለተኛው ውስጥ ሳንቲሙ አለ። በጥርሷ ነበር የምትፈታው። አባቴ ስንት እንዳላት አያውቅም ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገበያ ውሎ ሲመለስ ግን ጠላ ቤት በመንገዱ ላይ ነበረ። ዘጠነኛ ክፍል ደሴ ገብቼ ቤት ስከራይ የከፈለው ማን ነው? መቀነቱ። ስለዚህ "አትደብቁ" ብዬ ስነግራችሁ የገዛ እናቴን እየከሰስኩ ነው። ልጇ የሒሳብ መምህር የሆነው በደበቀችው ብር ነው።

ይህን ብዙ አሰብኩበት። እናቴ የደበቀችው፣ የገለጠችው ብር ከእጇ ስለሚወጣ ነው። ብሩን "አምጪ" ቢላት "አልሰጥም" የምትልበት ሕግም፣ ዳኛም፣ ሽማግሌም አልነበራትም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው ይል ነበር፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። አንቀጽ 635 ነው። ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባትም ተጽፎ ነበር። እናቴ ሕጉን አላነበበችም፤ ኖረችው። መቀነት የደካማ ሰው ባንክ ነው። ዛሬም ባሏ የሚነጥቃት፣ የሚመታት ሴት ብትደብቅ እኔ አልፈርድባትም። እዚያ ቤት የገቢ ልዩነት አይደለም ጉዳዩ፤ የምትሄደውም ወደ ሽማግሌ ሳይሆን ወደ ፖሊስ ነው።

እናንተ ግን በሌላ ሕግ ነው የምትጋቡት። በ1987 ሕገ መንግሥቱ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል ናቸው አለ። በ1992 የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ወጣ። ክልላችን የራሱን በ1995 አወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 79። ሁሉን አንቀጽ አልዘረዝርም፣ ጠበቃ አይደለሁም። የፌዴራሉን ሳነብ ግን ሁለት ነገር አስገረመኝ።

አንዱ፣ ከተጋባችሁ በኋላ ሁለታችሁም በግል ጥረታችሁ የምታገኙት ገቢ የጋራ ነው። ደሞዝሽ የጋራ ነው። ደሞዝህም የጋራ ነው። ቤቱ፣ መኪናው በአንዳችሁ ስም ቢጻፍ እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ሰው ካላስረዳ በቀር የጋራ ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ "ማን ይበልጣል" ብላችሁ ስትጣሉ፣ ሕጉ ፊት ከአንድ ድስት ላይ ሁለት ማንኪያ እያወዳደራችሁ ነው።

ሁለተኛው ለዛሬው ጉዳያችን የተጻፈ ይመስላል። እያንዳንዱ የራሱን ገቢ ተቀብሎ በራሱ ስም ባንክ ማስቀመጥ ይችላል። ነገር ግን ሌላው ሲጠይቅ፣ ስንት እንደተቀበለ ማሳወቅ አለበት። አካውንት መለየት ይፈቀዳል፤ መደበቅ ግን አይፈቀድም። እናቴ ይህን ብትሰማ መቀነቷን ጠበቅ ታደርግ ነበር። ልክ ናት። አባቴም አብሮ ግዴታ እንዳለበት ብትሰማ ግን ትንሽ ላላ ታደርገው ነበር።

"በእኛ ሃይማኖት የሚስት ሀብት የራሷ ነው፣ ነፈቃ የባል ነው" የምትሉ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሚስት ሚሊየነር ብትሆን እንኳ የማብላት፣ የማልበስ ግዴታው የባል ነው፤ እሷ ብትሰጥ በፈቃዷ ነው። ይህን ነገር አንድ የማከብራቸው የሰፈራችን ሼህ ሲያስረዱኝ አንድ ሐዲስ ነገሩኝ። የነቢዩ ባልደረባ የኢብን መስዑድ ሚስት ዘይነብ የራሷ ገንዘብ ነበራት፣ ባሏ ድሃ ነበር። "ለባሌና በእጄ ለሚያድጉት የቲሞች ባወጣው ሰደቃ ይሆንልኛል ወይ?" ብላ ለመጠየቅ ወደ ነቢዩ ደጃፍ ሄደች። ሌላም ሴት ለዚሁ ጥያቄ እዚያ ቆማ አገኘች። ሁለቱም ቢላልን "ጠይቅልን፣ ማን እንደሆንን ግን አትንገር" አሉት። ነቢዩ ማን እንደሆኑ ሲጠይቁት ግን ቢላል ተናገረ። መልሱም "ሁለት ምንዳ አላት፤ የዝምድናም፣ የሰደቃም" የሚል ሆነ። ሼኹ ይህን ነግረውኝ ሳቁ። "አየህ ኡስታዝ፣ 'አትንገር' ማለቷን አየህ? ያንተ ጠረጴዛ የዛሬ አይደለም" አሉኝ። (መምህር ስለሆንኩ ኡስታዝ ነው የሚሉኝ።)

አሁን ለራሴም ያልጠበቅሁት ነገር ልንገራችሁ። ልዩነት ቆሞ አይጠብቅም።

2014ን ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በጦርነቱ ከተማችን ስትያዝ ልጆቻችንን ይዘን ደብረ ብርሃን ገባን፣ የዘመድ ቤት። ኅዳር መጨረሻ መንገድ ሲከፈት ተመለስን። ሱቋ በሩ ተገንጥሏል። ውስጡ ምንም የለም። መደርደሪያው እንኳ የለም። መሬት ላይ አንድ የሜትር መለኪያ እንጨት ወድቆ ነበር። እሱን አንስታ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችና ይዛው ቤት ገባች። 13 ዓመት የሰበሰበችው ነው። ዕዳም ነበረባት፤ ዕቃ በዱቤ ነበር የምታመጣው።

የእኔ ደሞዝ ከተቋረጠበት ቆይቶ መግባት ሲጀምር፣ ቤታችንን ያቆመው እሱ ሆነ። ያ በ26 የሚያልቅ ደሞዝ። ከዓመት በላይ እኔ ነበርኩ የምበልጠው። ምን ተሰማኝ? ልዋሽ አልችልም፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ደረቴን ነፋሁ። "ዘይት ስንት ገባ?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ ማታ መቶ ብር ስትጠይቀኝ "ለምን?" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ከጠረጴዛ ስር ስትሰጠኝ "ለምን?" ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ። ያቺን "ለምን?" ብመልሳት እመኛለሁ። ተናግሬያታለሁ፤ ትስቃለች። እኔ ግን አልስቅባትም።

ሱቁ አሁን ተመልሷል። እንደገና ትበልጠኛለች። መቼ ደግሞ እንደሚገለበጥ አላህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ እጮኛችሁ ዛሬ ከእናንተ ያነሰ ወይም የበለጠ ቢያገኝ፣ የምታገቡት ያንን ቁጥር አይደለም። አሥር ዓመት ቁጠሩ፣ ቁጥሩ እዚያ አይገኝም።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲከፈት ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች በመጀመሪያ ደሞዛቸው ቤት ተከራዩ። ብዙዎቹ እዚያው አገቡ። አንድ ቤት አውቃለሁ፤ እሷ ስፌት ላይ ናት፣ እሱ ባጃጅ ይነዳል። ሲደመር እሱ የሚያገኘው ይበልጣል። ግን የእሷ በወር አንዴ፣ በቀኑ፣ ባንክ ይገባል። የእሱ በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ይቆማል። ስለዚህ የቤት ኪራዩን እሷ ትከፍላለች። ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ የልጅ ወተት እሱ። ሽምግልና ስንቀመጥ እሷ "ይህን ቤት የያዝኩት እኔ ነኝ" አለች። እሱ "የበላሽውን ማን አመጣው?" አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የእሷ ብር ደረሰኝ አለው፣ የእሱ ተበልቶ አልቋል። ደብተር አውጥቼ አንድ ወር አስጻፍኳቸው። ሲደመር እሱ ከእሷ ትንሽ በልጦ ተገኘ። እሱ ሊፎክር ሲል እሷ "የምትቀቅለውን፣ የምታጥበውን ሴት ደሞዝ ጻፍልኝ" አለችኝ። የዚያ ወር ድምር እስካሁን አልተዘጋም።

"ሴት ሥራ ከያዘች ቤት ይታወካል" ይባላል። እዚሁ አገራችን ውስጥ ይህን በደንብ የፈተነ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች ከ27 ትልልቅ ድርጅቶች ጋር ሆነው፣ ብቁ ከሆኑት አመልካች ሴቶች ሥራውን በዕጣ ሰጡ። ዕጣ የወጣላቸው ገቢያቸው አደገ፣ በቤታቸው ያላቸው ድርሻም አደገ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ድብደባውም ስድቡም ቁጥጥሩም ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልጨመረም። አልቀነሰምም። ስድስት ወር አጭር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ገቢዋ በመጨመሩ ብቻ ቤቱ አልነደደም። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የተጎዱት በጦርነቱ ነው፤ በዚያው በ2014 ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ከአጎአ (ዕቃችን ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል) ስታስወጣን ደግሞ ትእዛዝ ቀነሰ። ያኔ ነበር የሚታወከው ቤት የበዛው፣ ብር ሲጠፋ።

ስለ አረብ አገር ሳልናገር ከደሴ ብወርድ ትታዘቡኛላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እህት፣ እናት ወይም ሚስት ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ኩዌት የሌለው ካለ እጁን ያውጣ። ይኸው፣ አንድም የለም። እሷ እዚያ ትሠራለች፣ ብሩ ይመጣል፣ ባል እዚህ ይቀበላል። በዚህ ትዳር ውስጥ ሙሉ ገቢው የእሷ ነው፣ ሙሉ እጁ የእሱ ነው። አንዲት ሰባት ዓመት ልካ ተመልሳ መጣች። ቤቱ ተሠርቷል፤ ቆርቆሮው ያበራል። ካርታው ግን በባልየው እናት ስም ነው። ቅድም ያልኳችሁ "በአንዳችሁ ስም ቢጻፍም የጋራ ነው" የሚለው ግምት ለባልና ሚስት እንጂ ለአማት አይሠራም። ሰባት ዓመት ሙሉ ባልየው "ቤቱ እየተሠራ ነው" እያለ ፎቶ ይልክላት ነበር። የግድግዳውን፣ የመስኮቱን። የካርታውን ፎቶ ግን ልኮላት አያውቅም። የምትልኩ ካላችሁ፣ ወይም የምታስልኩ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ነው።

በቃ፣ አሁን ጠመኔ ስጡኝ። ሒሳብ መምህር ጠርታችሁ ያለ ሰሌዳ አትለቁኝም።

እሱ በወር 12,000 ያገኛል እንበል። እሷ 28,000። ቤቱ 20,000 ያስፈልገዋል። ብዙ ወጣቶች "ፊፍቲ ፊፍቲ" ትላላችሁ። 10,000፣ 10,000። እሱ 2,000 ይተርፈዋል፣ እሷ 18,000። እኩል ከፈሉ? አዎ። እኩል ናቸው? እሱ ወር ሙሉ ማኪያቶ ለመጋበዝ ይፈራል። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ስር እጁን ይዘረጋል።

በድርሻ እናስላው። ድምሩ 40,000 ነው። የእሱ 30 በመቶ፣ የእሷ 70 በመቶ። ቤቱን በዚያው ልክ ይክፈሉት። እሱ 6,000፣ እሷ 14,000። እሱ 6,000 ይተርፈዋል፣ እሷ 14,000። ከፈለጋችሁ ሦስተኛም መንገድ አለ፣ እኔና ባለቤቴ የያዝነው፦ ሁሉም አንድ ቦታ ይገባል፣ የቤቱ ይወጣል፣ ከዚያ ለሁለታችንም እኩል፣ ትንሽ፣ የማይጠየቅ ብር። እሷ በእሷ ምን እንዳደረገች አልጠይቅም። እኔም መጽሐፍ ብገዛ፣ ለወንድሜ ብሰጥ አልጠየቅም። በቤታችን ስሙ "መቀነት" ነው። "የዚህ ወር መቀነቴ አልቋል" እላለሁ። ለእናቴ የተውኩላት ቦታ ነው። ስንት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ምን እንደሆነ አናውቅም።

ይህን በቴሌብርም፣ በዕቁብም፣ በደብተርም አድርጉት፣ ግድ የለኝም። ከሠርጉ በፊት ግን አንድ ጊዜ ተቀመጡ። ደሞዝ፣ ዕዳ፣ ለእናትና ለአባት በየወሩ የምትልኩት። የመጨረሻውን አትዝለሉት፤ ብዙ ጠብ ያየሁት ከዚያ ነው። ቤተሰብ መርዳት ነውር አይደለም፣ ሳይናገሩ መርዳት ግን ከሌላው ኪስ መርዳት ነው።

ጥያቄ ነበር። አንዱ ወጣት "ታዲያ አሁን ምሳ ስትጋብዙ ማን ነው የሚከፍለው?" አለኝ። ካርዱ በማን ቦርሳ ካለ እሱ። ብዙ ጊዜ እሷ ናት። አስተናጋጁ ሂሳቡን እኔ ፊት ሲያስቀምጥ በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ከጠረጴዛው በላይ። አንዳንዱ አስተናጋጅ ግራ ይጋባል። እኔ ደግሞ ብርጭቆዬ ውሃ እንዳለው አረጋግጬ ነው የምጠጣው።

አንዲት ልጅ "ደሞዜን ብነግረው ከዚያ በኋላ እሱ መሥራት ቢያቆምስ?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያን ከሠርግ በፊት ማወቅ አይሻልም?

የመጨረሻው የተናገሩት ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። ልጃቸውን አጅበው ነው የመጡት። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "መምህር፣ እኔ 38 ዓመት መንግሥት ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ አለኝ። ባለቤቴ ሰባት ልጅ አሳድጋለች፣ አንድም ቀን ደሞዝ አልተቀበለችም፣ ጡረታም የላትም። የአንተ ሰሌዳ ላይ እሷ ስንት በመቶ ናት?" አሉኝ።

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። "እርስዎ እንዴት አደረጉት፣ አባባ?" አልኳቸው።

"እኔማ ጡረታውን ስቀበል ቤት ይዤው እገባለሁ። መሶቡ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ቦታ ክፈይው እላታለሁ። ፊደል አልቆጠረችም፣ አንዳንድ ጊዜ ትሳሳታለች" አሉና ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "ሁልጊዜ የምትሳሳተው ግን ወደ ራሷ ነው። እኔ ዝም እላለሁ።"